ማክሰኞ ላይ የቆመው ገጽ

ረቡዕ

ወንድሜ ከማል፣ ኮምፒውተርህን ከፈትኩት። አትቆጣ። የይለፍ ቃልህን ድሮም አውቀው ነበር።

ወይዘሮ አልማዝ፣ ባለመድኃኒት ቤቷ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። መጀመሪያ "ነፍሱን ይማርልን ልጄ" አለች። ከዚያ ማታና እሁድ ክፍት የሚሆነውን ተረኛ መድኃኒት ቤት ስለሚያሳየው ድረ ገጽህ ተናገረች። ከታመምክ ወዲህ ተረኛ ብሎ የሚያሳየው የእሷን ቤት ብቻ ነው። ሰኞ ማታ አንዲት እናት ትኩሳት የያዘው ልጅ ታቅፋ መጥታ የተዘጋ በር ስትደበድብ ቆየች። ተረኛው ከተማው ሌላኛው ጫፍ ነበር። "እስከ እሁድ ካልተስተካከለ በየመድኃኒት ቤቱ የለጠፍነውን የገጹን አድራሻ አስቀድዳለሁ" አለች። ልክ ነች።

ያንተ ስም ያለበት ነገር እሱ ብቻ ነው የቀረው።

ሐሙስ

ኮድህን ሳነብ ዋልኩ። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይም። ማክሮ ማለት ኮድ የሚጽፍ ኮድ ነው ብለኸኝ ነበር፤ ያኔ ሳይገባኝ ራሴን ነቅንቄያለሁ። ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹት ቴስቶችህ እንደ ንግግር ይነበባሉ፦ «ገጹ የዛሬን ተረኛ ያሳይ»። ሦስት ማክሮ፦ ገጽ፣ ያሳይ፣ ዛሬ።

ቴስቶቹን አስኬድኳቸው። ሁሉም አረንጓዴ፤ አልፈዋል ማለት ነው። ታዲያ ስህተቱ የት ነው?

ማክሮዎቹን ጥዬ እንደማውቀው ልጻፈው ብዬ ጀመርኩ። አንዱ መስመርህ አሥራ አንድ ሆነ። ገጹ ባዶ ወጣ። ሁሉንም መለስኩት።

ካንተ ቀብር በኋላ ከአገራችን ከመንጌ አብሮኝ የመጣው አጎቴ ሐሰን አጠገቤ ተቀምጦ "ይሄ ሣጥን ማሽላ ይፈጫል?" አለኝ። "አይፈጭም።" "ታዲያ ምን ታፈጥበታለህ? ብላ።" በላሁ።

ዓርብ

አገኘሁት።

የኮምፒውተሩን ሰዓት በአንድ ቀን ወደፊት ገፋሁና ኮዱን እንደገና ሳልገነባ፣ ማለትም ወደሚሠራ ፕሮግራም ሳልለውጠው፣ ቴስቶቹን አስኬድኩ። አሁንም አረንጓዴ። ውሸታሞች። «ዛሬ» የምትለው ማክሮህ ቀኑን የምታየው ኮዱ ሲገነባ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያንኑ ቀን ጽፋ ትተዋለች። ቴስቱም በሷ ስለተጻፈ ከገጹ ጋር ይስማማል። ሁለቱም ማክሰኞ ላይ ቆመዋል።

አንተ ግን በየማለዳው፣ ፊትህን እንኳ ሳትታጠብ፣ እንደገና ገንብተህ ኢንተርኔት ላይ ትጭነው ነበር። ለዚህ ነው ስህተቱ ያልታየው። ለመጨረሻ ጊዜ የገነባኸው ያ ማክሰኞ ነው፤ በማግስቱ ወባ ጣለህ።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። አልነካሁትም። ያን ቀን እኔ ላጥፋው?

ቅዳሜ

አጎቴ ከምሳ በኋላ ወደ መንጌ ሄደ። መኪናው ውስጥ ሆኖ "ብቻ መሆን ትችላለህ?" አለኝ። እችላለሁ አልኩ። "አልችልም በል፣ እመለሳለሁ።" የመኪናውን በር ዘጋሁለት።

ስመለስ መጀመሪያ ቀኑን ራሱ የሚለውጥ ቴስት ጻፍኩ። ቀይ። ከዚያ ማክሮዋን ነካሁ፦ ቀኑን ሳይሆን ቀኑን የሚጠይቀውን መስመር እንድትጽፍ። አረንጓዴ። ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ገፋሁት፤ አሁንም አረንጓዴ። ያቺን እናት እያሰብኩ ጫንኩት።

የማክሮዋን ስም አልቀየርኩም። አሁንም «ዛሬ» ነው።

እሁድ

ክፍሉ ውስጥ ማንም ሳይኖር ስነቃ የመጀመሪያዬ ነው። ኮምፒውተሩን አልነካሁም። በስልኬ ገጹን አየሁ፤ ከገበያው ማዶ ያለውን መድኃኒት ቤት ያሳያል። አላመንኩትም። ፊቴን ታጥቤ በእግሬ ሄድኩ። የወይዘሮ አልማዝ ዝግ ነው። ቀጥሎ ያለውም ዝግ። ከገበያው ማዶ ያለው ክፍት፤ አንድ ሽማግሌ ከሻጩ ፊት ቆመው መድኃኒት ይጠብቃሉ።

ሻጩ "አንተስ ምን ልስጥህ?" አለኝ።

"ምንም። ክፍት መሆኑን ለማየት ነው።"

"ክፍት ነው" አለ።

ትንሽ ቆሜ ሽማግሌው መድኃኒታቸውን ይዘው እስኪወጡ ጠበቅኩ።