መጀመሪያ ጣቶቹን፣ ቀጥሎ ምስጋናውን

ይድረስ ለገብረ ማርያም፣ ቡታጅራ

ፖስት ካርዱ ላይ ያለውን አንበሳ አትመን፤ መርካቶ ውስጥ የሚያገሳው ተሸካሚው ነው።

ትናንት ሸማ ተራ ጋቢ ልመርጥልህ ገብቼ ብዳብሰው፣ የእጅ ፈትል ይሁን የፋብሪካ መለየት አቃተኝ። ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። በዚህ መሐል መድኃኒት ከምወስድበት የካንሰር ሕክምና ክፍል ነርሷ ደወለች። በየሳምንቱ “እንዴት ሰነበቱ?” ትለኛለች፤ እኔም “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ” እላታለሁ፤ ትናንትም ያንኑ አልኳት። በእኛ አገር እንዲህ ብሎ የሚደውል ወይ በሬ ሊዋስ ወይ መርዶ ሊነግር ነው። ማን ሕመሙን ይዘረዝርለታል?

ባለሱቋ ሐጀራ ግን ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ፣ “ውሸታቸውን ነው፤ ጣታቸው ደንዝዞ ጋቢዬን አፈር አስላሱት” አለች።

ነርሷም ይህን ሰምታ፣ “ጋሼ ማሙሸት፣ እኔ እኮ ሰላምታ አይደለም የምጠይቅዎት” አለችኝ። “የሁላችሁንም መልስ ከዓመት ዓመት አጠራቅመን ነው ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው ታካሚ የመድኃኒቱን መጠን የምናስተካክለው። በእርስዎ መልስ ከሄድን መድኃኒቱ ማንንም አይጎዳም።”

ከእኔ በኋላ የሚመጣው አንተ ነህ። ከፋሲካ በኋላ ይህንኑ መድኃኒት ትጀምራለህ፤ አንተ ደግሞ እግርህ ቢቆረጥም ደህና ነኝ የምትል ሰው ነህ። ስለዚህ ጣቴንም፣ እግሬንም፣ የአፌን ቁስልም እዚያው ሐጀራ ፊት ነገርኳት።

ስትጠየቅ መጀመሪያ የሚያምህን ተናገር፣ ፈጣሪን ቀጥለህ አመስግን፤ እሱ አይቸኩልም። እትዬ እታለምን ሳምልኝ። ጋቢውን የመረጠችልህ ሐጀራ ናት፤ ቢሻክርህ ደህና ነው እንዳትለኝ።

ማሙሸት