ሙሾሽ በሁለት ቅጂ

እማዬ፣ የኔ አልቃሽ፣

ከሄድሽ ዓመት ከሁለት ወር ሆነሽ። እስካሁን አንዲት መስመር አልጻፍኩልሽም፤ ለሞተ ሰው መጻፍ የእብድ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ቀበሌ ቅረቢ ተብያለሁ። በዚያ በር የገባ ሁሉ በገባበት ቀን እንደማይወጣ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከመሄዴ በፊት የሆነውን ሁሉ ልንገርሽ። ተናድጃለሁ እማዬ። በነሱም፣ በሰፈሩም፣ በራሴም፣ አትቀየሚኝና ባንቺም ጭምር ተናድጃለሁ። አንቺ ፊደል ባትቆጥሪም ጽሑፌን ከሩቅ አይተሽ ዛሬ ከፍቶሻል ትዪኝ ነበር። ዛሬም ብታዪው ያንኑ ትዪኛለሽ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጣሪያው በጓዳ በኩል ማፍሰሱን አልተወም፣ ባልዲ ደቅኜበታለሁ። ከእንጦጦ ቅጠል ስታወርጂ ወገብሽን የበላው ገመድ አሁንም ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ ልጥለው እልና እጄ እምቢ ይለኛል። እኔ መሥሪያ ቤት ገብቼ ታይፒስት ሆኛለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል ስመታ እውላለሁ፣ ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ የኔ የሆነ አንድ ቃል የለም። ጎረቤቶችሽ ደህና ናቸው። እንደ ልማዳቸው ሲያገኙኝ ጉንጬን ስመው፣ ዝም አይነቅዝም ልጄ፣ ይሉኛል። ይነቅዛል! ነቅዞ አይቼዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ከውስጥ ሲበላሽ ካንቺ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖሬ አይቼዋለሁ።

ያንን የሙሾውን ሳምንት ብዙ ጊዜ እመላለስበታለሁ። የእትዬ በላይነሽ ልጅ ግርማ በጠዋት ከደጁ ተጠርቶ ወጥቶ፣ በማግስቱ ሬሳው ከድልድዩ ሥር ሲገኝ፣ ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነው ተባለ። እትዬ በላይነሽ ዓመት ሙሉ ነጠላዋን ሳታዘቀዝቅ ገበያ ወጣች፣ ገባች። ለሙት ዓመቱ ለምና ለምና ፈቃድ አገኘች፤ ግን ሙሾው አስቀድሞ በጽሑፍ፣ በሁለት ቅጂ ለቀበሌው ይቅረብና ይታይ ተባለ። አንቺ ሳቅሽ። ሙሾ እኮ የእናቲቱን ፊት ሳይ ነው የሚመጣልኝ፣ እንዴት ተብሎ ነው ከዓርብ ለእሑድ የሚጻፈው አልሽ። እውነትሽን ነበር። እኔ ነኝ የጨቀጨቅኩሽ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፣ የእጅ ጽሑፌ ትምህርት ቤት ውስጥ የተመሰገነ። በጥሩ ፊደል፣ በንጹሕ ወረቀት፣ ምንም ሳይደበቅ ከቀረበላቸው የሚያስፈራቸው ነገር አይኖርም ብዬ አሰብኩ። ሞኝ! አብሬሽ እንጦጦ ወጣሁ። አንቺ ቅጠሉን እየጠረግሽ፣ የደን ዘቡን እያየሽ፣ ስንኙን ጣል ታደርጊልኛለሽ፣ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። እነዚህን ሁለቱን ስትዪ እጅሽ ላይ ያለው መጥረጊያ ቆመ፤

በሽታ አልነካው፣ መኪና አልገጨው፣
ደጁን የሚያውቅ ሰው፣ ስሙን ጠርቶ ፈጀው።

ልጽፈው ወይ ብዬ ስጠይቅሽ፣ እኔ እንጃ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ አልሽኝ። ጻፍኩት። ደግሞ አሳምሬ ጻፍኩት።

የቀበሌው ሊቀመንበር ወረቀቱን በማግስቱ መለሰልን። ታስታውሺዋለሽ አይደል፣ ድሮ ሾላ ገበያ በር ላይ ልብስ ይሰፋ የነበረው፣ አባቱ የሞቱ ጊዜ እስከ ቀብር ድረስ ያለቀስሽላቸው፣ እጅሽን ስሞ እናቴ ነሽ ያለሽ። እነዚያን ሁለት ስንኞች በቀይ እስክሪብቶ ሰርዟቸዋል። ሌላው ይባል፣ ይህ አይባል። አንዱን ቅጂ ራሱ ጋ አስቀረ።

እሑድ ዕለት ከቀበሌ የተላከ አንድ ሰው ወረቀቱን ይዞ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ፣ በጣቱ እየተከተለ። አንቺ የተፈቀደውን አወረድሽ። የተሰረዘው ጋ ስትደርሺ አልዘለልሽውም። አፍሽን ገጥመሽ፣ ዓይንሽን እትዬ በላይነሽ ላይ ተክለሽ፣ ሁለቱ ስንኞች የሚፈጁትን ያህል ደረትሽን ብቻ መታሽ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ቀጥ አለ። ምን እንደሆነ ማንም አላወቀም፣ ሁሉም ግን አንድ ነገር እንደተወሰደበት አወቀ። ያ ሰውዬ ብቻ ነበር ወረቀቱን አይቶ ነገሩ የገባው። እማዬ፣ የኔ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ ዝምታሽ ዝምታ ሆኖ ይቀር ነበር። ማስረጃቸውን በእጄ አሳምሬ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ይህን በሕይወት እያለሽ አንድም ቀን አልነገርኩሽም፣ አንቺም አንድም ቀን አላነሳሽብኝም።

በዚያ ዝምታሽ ወስደው አምስት ወር አሰሩሽ። ስትወጪ ጥርስሽም ፀጉርሽም እንዳለ ነበር፣ ሰው ሁሉ ተመስገን አለ። ድምፅሽ ግን አልወጣም። ሰው ሲሞት ሊጠሩሽ ይመጣሉ፣ አንቺ ጉሮሮዬን አሞኛል ትያቸዋለሽ። ምን አደረጉሽ ስልሽ፣ ተይው ልጄ፣ እግዜር ያውቃል ነው መልስሽ። በዚህ ነው የተናደድኩብሽ። እግዜርማ ድሮም ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ነበርኩ! ለኔ እንኳ ሳትነግሪኝ ይዘሽው መቃብር ገባሽ። እነሱ አፍሽን የዘጉት አምስት ወር ነው፣ ቀሪውን አራት ዓመት ራስሽ ዘጋሽው። ለነሱ ይህ ነው የሚመቻቸው፤ አንዴ ካስፈራሩ በኋላ ዘበኛ አያስፈልጋቸውም፣ ሰው የራሱ ዘበኛ ይሆናል።

ቀብርሽም ያው ሆነ። ለስንቱ የየካ ሰው ያለቀስሽ ሴትዮ፣ ያንቺ ቀን ቃል የሚያወጣልሽ ጠፋ። እትዬ በላይነሽ ሬሳ ሣጥኑ ላይ እጇን ጭና ቀረች። እኔም እንደ ቢሮ ሰው አፌን በነጠላ ይዤ ነፍረቅ ነፍረቅ አልኩና ተመለስኩ። እፍረቱ እስካሁን ፊቴን ይለበልበኛል።

አሁን ወደ መጣሁበት ነገር ልግባ። የሊቀመንበሩን ልጅ ሰሎሞንን ታውቂዋለሽ፣ ያ ረጅሙ፣ ቅጠል ከብዶሽ ስታዘግሚ ተቀብሎ የሚያደርስልሽ። ባለፈው ዓመት ዘምቶ ነበር። በከበሮ፣ በባንዲራ፣ መንደሩን ሙሉ አሰልፈው ነው የሸኙት። ከሁለት ወር በፊት አብሮት የዘመተ አንድ ልጅ እግሩን ቆስሎ ተመለሰና ሰሎሞን መሞቱን ለገዛ እናቱ ሹክ አላት። እናትየው ለእህቷ፣ እህትየዋ ለጎረቤት፣ በሦስት ቀን ውስጥ ከሲግናል እስከ እንጦጦ ግርጌ ያልሰማ አልነበረም። ሊቀመንበሩና ሚስቱ ብቻ ሲቀሩ።

ለምን ብትዪ፣ ማን ይንገራቸው? የግንባር ወሬ ያወራ ሁሉ ወሬ አናፋሽ ተብሎ እንደሚታሰር በስብሰባ ያወጀው ማን ሆነና! እማዬ፣ መርዶ እኮ እንደ ቀላል ነገር አይታይም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። ለጠላት እንኳ መርዶ አይነፈግም። የእድሩ ሽማግሎች ተሰብስበው ተመካከሩ፣ ፈሩ፣ ተበተኑ። ሊቀመንበሩ በየሳምንቱ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ የኔ ልጅ በድል ይመለሳል እያለ ይፎክራል፤ እኛ እያወቅን እናጨበጭባለን። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ሲያጨበጭብ ውስጤ ይስቅ ነበር፣ አልዋሽሽም። የዘጋኸው አፍ ነው፣ ጠጣት! እያልኩ ነበር የማጨበጭበው። እንዲህ ያለ ክፉ ሰው መሆኔን ያኔ ነው ያወቅኩት።

ማክሰኞ ዕለት ቦኖ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። ሚስቱ እትዬ ወርቅነሽ እንስራዋን ይዛ ስትመጣ ሴቶቹ ሁሉ እንደ ሰሞኑ ጸጥ አሉ፣ አንድ በአንድ ሹልክ አሉ። እኔ ውሃዬ አልሞላ ብሎኝ ቀረሁ። እንስራዋን መሬት አስቀመጠችና እጄን ያዘችኝ። እኔ ስደርስ ሁላችሁም ዝም ትላላችሁ፣ ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ፣ አንቺ የጌጤ ልጅ ነሽ፣ እናትሽ አታባብልም ነበር፣ ልጄ አለ ወይስ የለም፣ ንገሪኝ አለችኝ።

ይህችን ቀን አልሜያት ነበር እማዬ። እንዳላየሁ ሆኜ ላልፋት፣ ባልሽን ጠይቂው ልላት አስቤ ነበር። ፊቷን ሳይ ግን ቃሉ መጣልኝ። እንዳንቺ፣ ፊቷን ሳይ። የለም እትዬ ወርቅነሽ፣ ሰሎሞን የለም አልኳት። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምንም አልመጣ። ሴትዮዋን አቅፌ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ስትነሳ እንዲህ አለችኝ፣ እናትሽ ብትኖር ታለቅስልኝ ነበር፣ አንቺ አልቅሽልኝ። ከሰሎሞን በፊት ግርማን አነሳለሁ አልኳት። የፈለግሽውን አንሺ፣ ብቻ ልጄ ዝም ተብሎ እንደ ውሻ አይቅር አለችኝ።

ጩኸቷን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ባልየው ሊከለክል አልቻለም፤ እድሩም ድንኳኑን ተከለ። በሰልስቱ ቀን ያንን ያረጀ ወረቀት፣ ቀይ መስመሩ ያለበትን፣ ደረቴ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። እትዬ በላይነሽ ከምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። ሊቀመንበሩ ከወንዶቹ መሃል፣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ። ቆምኩ። ድምፄ እንዳንቺ አያምርም። ግርማ ብዬ ጠራሁ። ከዚያ ሁለቱን ስንኞችሽን ከፍ አድርጌ፣ ሳልዘል፣ አወረድኳቸው። እትዬ በላይነሽ እነዚህን ቃላት ሰምታ አታውቅም እኮ! ያን ጊዜ የደረሳት የደረትሽ ምት ብቻ ነው። ብድግ አለች፣ ነጠላዋን በጭንቅላቷ ላይ አዞረች፣ ልጄን ልጄን አለች። በዓመታት ውስጥ ጮክ ብላ ልጄን ስትል ያ የመጀመሪያው ነበር። የድንኳኑ ሰው ሁሉ ተነሳ። ወደ ሰሎሞን ዞርኩና ይህን አልኩ፤

በሰልፍ በከበሮ፣ ሲሸኝ ሰምተን ነበር፣
ሞቱ ለምን ይሆን፣ በጓዳ የሚነገር?

ሊቀመንበሩ ጋቢውን ገለጠ። ደረቱን መታ፣ እንደ ሴት ደጋግሞ መታ። ድገሚው አለኝ፣ ደገምኩለት። ልቤ ራርቶ ነበር፣ ምን ትያለሽ። ይህ ሰው ዛሬ ገባው ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በማግስቱ ወረቀት መጣልኝ። በሰልስቱ ላይ ያልሽውን ሙሉውን በሁለት ቅጂ ጽፈሽ ሰኞ ጠዋት ይዘሽ ቅረቢ ይላል። ፊርማው የርሱ ነው፣ ማኅተሙ አለበት። እንባውን ጠርጎ ማኅተሙን አነሳ። እትዬ ወርቅነሽ ሰምታ መጥታ፣ እለምነዋለሁ አለች፤ ከዚያ ደግሞ እሱም የሚፈራው አለ፣ ምን ታደርጊዋለሽ አለችኝ። ጎረቤቶቹም ተሰልፈው መጡ። አንዲት መስመር ጻፊ፣ በሐዘን ብዛት ነው ያልኩትን አላስታውስም በያቸው አሉኝ። ደህና ምክር ነው። እሱን ብጽፍ ምናልባት ሰኞውኑ ማታ ቤቴ እገባለሁ።

ግን አስታውሳለሁ እማዬ። እያስታወስኩ አላስታውስም ካልኩ ግርማ ሁለተኛ ሞተ፣ አንቺም ሁለተኛ ታሰርሽ። ያኔ የጻፍኩላቸው ይለፍልኝ ብዬ ነበር። አሁን ግን ይለፍ አይለፍ ብዬ አልጠይቅም። የቦኖውን፣ የጭብጨባውን፣ አምስቱን ወር፣ የኔን ሞኝነት፣ ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ቀይ እስክሪብቶው ይበቃው እንደሆነ እናያለን።

ስምሽን ጌጤ ብዬ፣ የግርማን ግርማ ብዬ፣ የሰሎሞንን ሰሎሞን ብዬ በሄድኩበት እጠራለሁ፤ ይህን ቃሌን ያዢልኝ። አሁን እጄ ዝሏል። ከመሥሪያ ቤት ባመጣሁት ካርቦን ላይ ጠበቅ አድርጌ ስለምጽፍ ነው። ይህ ደብዳቤ ሁለት ቅጂ ነው። አንዱን ሰኞ ጠዋት ለሊቀመንበሩ እሰጠዋለሁ፤ ይኸኛው ያንቺ ነው፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ መቃብርሽ ላይ እትዬ በላይነሽ ባለችበት ጮክ ብዬ አነብልሻለሁ።

ልጅሽ