ከሦስት ስንዝር አንድ ጣት ሲጎድል

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጢጢዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ካላሳዩት አመል የለውም። የላክሽው ወረቀት ባለፈው ሐሙስ ደረሰኝ። ለምረቃሽ ቀሚስ ልስፋልሽና ልክሽን ላኪ ብልሽ፣ ወገቤ አምስት መቶ ሰማንያ ሚሊዮን ናኖሜትር ነው ብለሽው አረፍሽ፤ ትከሻሽንና እጅጌሽንም በዚያው መለኪያ ጽፈሻል። ከሥሩም "እማዬ፣ አንቺ ሜትር ስለማትወጂ እኔ በምሠራበት ልክ ላክሁልሽ" ብለሽ ቀልደሻል።

እውነትሽን ነው፣ ሜትር አልወድም። አርባ ዓመት ሙሉ በስንዝሬ ለክቼ ሰፍቻለሁ፤ ሜትሩ አንገቴ ላይ የሚንጠለጠለው ደንበኛ እንዲያምነኝ ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር አድገሽ፣ በዓይን የማይታይ ነገር የምትለኪ ሆንሽ። ዓምና መጥተሽ እጄን በማስመሪያ ለክተሽ፣ "ያንቺ አንድ ስንዝር ሁለት መቶ ሚሊዮን ናኖሜትር ነው፤ አንዷ ናኖሜትር ላይ ደግሞ አራት አምስት አተም ይሰለፋል" ያልሽኝን ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ሥጋ ሻጩ ሳይቀር የስንዝሬን አተም ያውቃል።

ታዲያ ያን ሁሉ ዜሮ ይዤ፣ ከላያችን ፎቅ ወደሚኖሩት ጡረተኛ የሂሳብ አስተማሪ ወጣሁ። መነጽራቸውን አድርገው፣ አባዝተው አካፍለው፣ "ወገቧ ሃያ ዘጠኝ ስንዝር ነው" አሉኝ።

"መምህር፣ የሚያሰሉልኝ ለልጄ ነው ወይስ ለድንኳን?" አልኳቸው።

አፈሩ። ከስንዝሬ ላይ አንዲት ዜሮ ገድፈው ነበር። እንደገና ሲያሰሉት ከሦስት ስንዝር አንድ ጣት የጎደለው ሆነ። አሁንም ተሳስተዋል አልኩ። የልጄን ወገብ አውቀዋለሁ፤ ዓምና እዚሁ አቁሜ ስለካሽ ሦስት ስንዝር ተኩል ነበርሽ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። በመጨረሻ እርሳሳቸውን አስቀመጡና፣ "እስቲ ትከሻዋን እንይ" አሉ። ትከሻሽ ሁለት ስንዝር ወጣ፤ እንደ ዓምናው። እጅጌሽም እንደ ዓምናው።

"እንግዲህ እህቴ፣ ሂሳቡ አልተሳሳተም" አሉኝ ቀስ ብለው።

ትከሻና ክንድ አጥንት ነው፣ አይከሳም። የከሳው ሌላው ነው። ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴ ትዝም አላለኝ።

ግማሽ ስንዝርና አንድ ጣት። ባንቺ አቆጣጠር መቶ ሃያ ሚሊዮን ነው አሉ፤ እኔ ግን በእጄ ነው የማውቀው። ከጨርቅ ላይ ግማሽ ስንዝር ሲተርፈኝ ለኪስ ይሆናል እላለሁ። ከልጅ ወገብ ላይ ሲጎድል ምን ይባላል? ሁለት ወር ሙሉ የስልኬ ካሜራ ተበላሸ ያልሽኝ አሁን ገባኝ። ምን በላሽ ስልሽ "ብዙ ነገር" የምትዪኝም ገባኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አልዋሽሽም። እናቷን በዜሮ ልትሸውድ ብዬ መቀሱን ወረወርኩት።

በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። መዋሸት ትችዪ ነበር። የዓምናውን ልክ ብትልኪልኝ ምንም ሳልጠረጥር ሰፍቼ እልክልሽ ነበር። አንቺ ግን እውነተኛውን ጻፍሽ። ልክ መናገር ሥራሽ ነውና እጅሽ ማዛባቱን እምቢ ብሎሽ ይሆናል። ወይም ከአፍሽ ማውጣት ያቃተሽን እኔው ቆጥሬ እንድደርስበት ፈልገሽ ይሆናል። ይህን ከማን ወረስሽው አልልም። አባትሽ የሞተ ጊዜ ለሰው ሁሉ ደህና ነኝ እያልኩ፣ የገዛ ቀሚሴን ሦስት ጊዜ አጥብቤያለሁ። ያወቀ ሰው አልነበረም፤ ሰፊዋ እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ ቁርጡን ንገሪኝ። በስልክ ብጠይቅሽ ደህና ነኝ ብለሽ ስለምትዘጊው ነው የምጽፍልሽ። ሕመም ከሆነ ሕመም ነው በዪኝ። ሥራው ከብዶሽ ከሆነ፣ ሰው ከድቶሽ ከሆነ፣ እሱንም በዪኝ። ምረቃው ቢቀር ይቅር። ጎበዝ መሆንሽን እኔ ከአተሙ በፊት አውቄዋለሁ።

ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ያ የወደድሽው ሰማያዊ ነው። የዓምናውንም የዘንድሮውንም ልክ በጠመኔ አሰመርኩበትና በሁለቱ መስመሮች መሃል እጄን አሳርፌ ብዙ ቆየሁ። የዘንድሮውን ብቆርጥ መክሳትሽን መቀበሌ ነው። የዓምናውን ብቆርጥ ከላይሽ ይወርዳል። አሥር ጊዜ ለክቶ አንዴ መቁረጥ ነው እያልኩ ስንቱን አስተምሬ፣ መቀሱን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ጨርቁን አልቆረጥኩትም። የቆረጥኩት ትኬት ነው። መጋረጃ ለመስቀል ወንበር ላይ መቆም የምፈራው እኔ፣ በአውሮፕላን፣ በወሩ መጨረሻ እሑድ ጠዋት እደርሳለሁ። ቤቱን አታጽጂ፣ ምንም አታብስይ፣ በሩን ብቻ ክፈቺልኝ። ልክሽን አቅፌ እወስዳለሁ።

እስከዚያው ፈጣሪ ይጠብቅሽ። የጎደለብሽን በስንዝር ሳይሆን በክንድ ይሙላልሽ።

እናትሽ፣ ልብስ ሰፊዋ