የፖም ጠጅ ቤትህ አልፈረሰም

ሳምሶንዬ፣ የኔ ጌታ፣

ያ ሕመም አንተን ከነጠቀኝ ወዲህ የጓሮው ፖም አንዴ አብቦ አፈራ። ያፈራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አፈራ።

በዚህ በሰው አገር፣ በሰንራይዝ ማነር ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። ጥሪ የምትቀበልበትን ፔጀርህን ከአልጋህ ራስጌ አላነሳሁትም። ጓሮ ያለው የጭቃ ጡብ የጠጅ ቤትህም ቆሟል፤ ልጽፍልህ የተነሳሁት ስለሱ ነው። የምንኖርበትን ቤት ከአንተ ጋር የገዛው አጎትህ ሊያፈርሰው ነበር። «እትዬ፣ ሁለት ክፍል ሠርተን እናከራይ፤ ይሄ የአይጥ ቤት ምን ይሠራልሻል?» አለኝ። የአይጥ ቤት!

ሰፈሩ እርሻ በነበረ ጊዜ ገበሬዎቹ ፖም ጨምቀው ጠጁን ያስቀምጡበት እንደነበር፣ ከጎረቤታችን ከሽማግሌው ሰምተህ የነገርከኝ አንተ ነህ። ከምትሠራበት ቁማር ቤት፣ ከካዚኖው ሺፍትህ ስትመለስ ዩኒፎርምህን ሳታወልቅ ግድግዳውን በጭቃና በጭድ ስትመርግ፣ የዛገውን መጭመቂያ ስትፈታና ስትገጥም አይቻለሁ። ውጭው እንደ ምድጃ ሲነድ እዚያ ውስጥ ቀዝቃዛ ነበር። የመጀመሪያውን ጠጅ ስትጥል እኔ ተደብቄ ጌሾ ጨመርኩበት። ያለ ጌሾ ምን ጠጅ አለ ብዬ። ቀምሰህ ፊትህን አኮማተርክና «እማዬ፣ ፖሙን ገደልሽው!» ብለህ እንባህ እስኪመጣ ሳቅህ። ግን ጠጣኸው።

አጎትህ አፍራሽ ይዞ የመጣ ቀን ወንበሬን አውጥቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከነእኔ አፍርሱት አልኳቸው። ሰውየው አማርኛዬ ባይገባውም ነገሩ ገባው፤ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። አጎትህ «ሐዘን አናቷ ላይ ወጣ» እያለ ለሰው አወራ። ያውራ።

ፖሙን ለቅሜ እዚያው ጨመቅኩት። ዘመዶች ለሙት ዓመትህ ጠጅ ይገዛ ሲሉኝ እምቢ አልኩ። እንግዲያው ጌሾ ይግባበት፣ እንዲህ ለተዝካር አይቀርብም አሉ። እሱንም እምቢ አልኩ። ቄሱ ባርከው ቀመሱና ብርጭቋቸውን መልሰው ዘረጉልኝ። አጎትህ ግን «ጌሾ የለውም» አለ።

የለውም አልኩት፤ ልጄ አይወድም።

የጠጅ ቤትህን ቁልፍ ከማተቤ ጋር አስሬዋለሁ። ዝናብ የላጠው አንድ ጎን አለ፤ ጭዱን አስመጥቻለሁ፣ ጭቃውን ራሴ አቦካለሁ። እኔ በሕይወት እያለሁ ያን ግድግዳ የሚነካ የለም። ስመርገው ስምህን እየጠራሁ ነው።

እናትህ