የለንሳ ነው፤ መገልበጥ ክልክል

ሰኞ፣ ኅዳር 11 ቀን 2004
የኤዲተሩን፣ የኮድ መጻፊያዬን፣ ቀለም ቀየርኩ። የመስመር ቁጥሩ ቢጫ ሆነ፤ አሁን ዓይን አይወጋም። በድሉ አየና ሳቀ። «ሴት ጥፍሯን ትቀባለች፣ አንቺ ኮምፒውተር ትቀቢያለሽ።» ይሳቅ። የኮሌጁ ኮምፒውተር ክፍል ቴክኒሺያኖች ሁለት ነን ይባላል... የሚሠራው ማን ነው?

ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ኮሌጃችን ከገባ ሦስት ዓመቱ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀለሙንም ትእዛዙንም በምትይዝ፣ ስሟ በነጥብ በሚጀምር አንዲት የሴቲንግ ፋይል ላይ ስጨምር ስቀንስ ኖርኩ። በኦሮምኛ «ራብሲ» ብዬ ስጽፍ ፈተናው ለሃያውም ኮምፒውተር ይታደላል። «ሰሳቢ» ስል መልሱ ተሰብስቦ ይመጣል። የዛሬ ሁለት ሳምንት የተግባር ፈተና አለ፤ ሐሳብ የለብኝም።

የመጀመሪያው መስመር፦ «የለንሳ ነው። መገልበጥ ክልክል።» ይህን እያየ ነው የቀድሞ ባልደረባችን ደቻሳ አምና ሳይጠይቀኝ በፍላሽ የገለበጣት። ተማሪ ፊት ሌባ አልኩት። መምህር ሆኖ ጌዶ ሲሄድ እንኳ አልተሰናበትኩትም። ማንም የራሱን ይጻፍ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 13
መብራት የለም። ቀኑን ሙሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 15
ትናንት ጉደር ለቅሶ ነበርኩ። ዛሬ ስገባ ቢጫው የለም። «ራብሲ» አልኩ... እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም አለኝ። በድሉ ዋናውን ኮምፒውተር ፎርማት አድርጎታል!
«ተንቀራፎ ነበር» አለ።
«የኔስ ፎልደር?»
«ከፈትኩት፣ ባዶ ነው። ምን ልገልብጥ?»
ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል እንደማይታይ አያውቅም። በቴክኒሺያን ደመወዝ!
«የማይታይ ነገር እንዳለሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ ደግሞ። ኪቦርዱን ፊቱ ላይ ብወረውርለት ደስ ባለኝ።

አለቃችን ኦቦ ሆርዶፋ፦ «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ ለንሳ። አንድ ፋይል አይደል? እንደገና ጻፊያ።» አንድ ፋይል!

ቤት ገብቼ ፍላሼን ከፈትኩ። በየወሩ ከዋናው ኮምፒውተር ሁሉንም እገለብጥ ነበር... የሚታየውን ሁሉ። ነጥብ ያላት አንዲትም የለች። እኔም እንደ በድሉ። ይህን ለማን እናገራለሁ?

እሑድ፣ ኅዳር 17
ሁለት ቀን ጻፍኩ። ለሦስት ኮምፒውተር ያድላል፣ አራተኛው ላይ ይቆማል። እንዴት አድርጌው ነበር? ጸሐፊዋ ጂቱ፦ «ደቻሳ ጋ አለ አይደል? ደውይለት።» ሞቼ እገኛለሁ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 19
ደወልኩ።
«አካም ጅርታ፣ ለንሳ?»
«ደህና። ያ... ፋይሉ አለህ?»
«ሌባ ያልሽኝ በሱ አይደል?»
«አዎ።»
«ኢንተርኔት የለም እዚህ። ነይና ውሰጂ።»
ሊያዋርደኝ ነው። ይሁን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 21
ጌዶ ደርሼ መጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ስድብ መመለስ እየተለማመድኩ ሄድኩ። አልሰደበኝም። ይሄ ይብሳል።

ፋይሏን ከፈታት። የመጀመሪያው መስመር እንዳለ ነው። ከሥሩ እሱ ጽፏል፦ «ከለንሳ የተወሰደ። ሳልጠይቅ።» ፊቴ ነደደ።

አሻሽሏታልም። የኔ «ራብሲ» የጠፋ ኮምፒውተር ካገኘ ተገትሮ ይቀር ነበር፤ የሱ አልፎ ይሄዳል። ሦስት ዓመት ያላየሁትን! ተማሪዎቹም ይጠቀሙባታል። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ... «ባዶ መስመር አብዝተሃል» አልኩት። ምን ሆኜ ነው? ፋይሏን ፍላሼ ላይ ገልብጦ ሰጠኝና እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። የሚኒባሱ በር ሊዘጋ ሲል «ደቻሳ፣ ሌባ ማለት አልነበረብኝም» አልኩት። «ጋሪ፣ መልካም፣ ሂጂ» አለ።

ሰኞ፣ ኅዳር 25
ሁለት ኮምፒውተር ጠዋቱን አልነሣም አሉ። «ራብሲ» አልፏቸው ሄደ። ፈተናው በሰዓቱ አለቀ።

ከሰዓት ፋይሏን ሃያውም ላይ አስቀመጥኳት። ስሟ ያለ ነጥብ፤ ለበድሉም እንድትታይ። በድሉ ላይ ያለኝ ንዴት አልበረደም፣ አይበርድምም። አጠገቤ መጥቶ ቆመ። «ይቺን ቢጫ ለኔም ቀቢልኝ።» የራስህን ጻፍ ልል ነበር... «ገልብጥ» አልኩት።

የመጀመሪያውን መስመር አጥፍቻለሁ። አሁን እንዲህ ይላል፦ «ከደቻሳ የተወሰደ። ጠይቄ።»