ወንዙ ዳር ያለው የደስታው ድንጋይ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ ለአልጋነሽ፤ ወልዲያ።

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ጥር ነውና የጠዋቱ ብርድ ሳይጠናብሽ አይቀርም፤ በሹፌሮቹ እጅ የላክሁልሽ ብርድ ልብስ ደረሰሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለእንግዳ ብለሽ ሳጥን ውስጥ ቆለፍሽበት? ላሚቱስ ወለደች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ መርሻ ያስተምራል፣ ልጆቹም ይማራሉ፣ ሙቀቱም በዚህ ወር ትንሽ ያስተነፍሳል። ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

ከበደች እህቴ፣ ይህን ለእማዬ የምታነቢላት አንቺ ነሽና አደራሽን፣ ዘለሽ መጨረሻውን እንዳታዪ። የያዝሁት ወሬ ደስ የሚል ነው፤ ግን እንባም አለበት፣ በተራው ካልተሰማ ያስደነግጣል። በቀለንም ጥሪውና አጠገቧ ይቀመጥ፤ ነገሩ የሱም ነው።

ወንድማችን ደስታው የውሃውን ቦቴ እየነዳ ከአሰብ ወጣ ብሎ ላሉት ለደባይሲማ አፋሮች ውሃ ሲያመላልስ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ወንዙ ሞልቶ እንደወሰደው ታውቃላችሁ። ወንዝ ስል እንደ አገራችን ወንዝ እንዳይመስላችሁ። ይኼ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ግመል ይተኛበታል። ወደ ተራራው ሲዘንብ ግን እዚህ ጠብ ሳይል እያጓራ ይመጣል። ቦቴው ከአሸዋ ተቆፍሮ ወጣ፤ እሱ ግን አልተገኘም፣ ባሕር ገባ ተባለ። የቦቴው ቁልፍም አልተገኘም። ከዚያ አንዱ ክፉ አፍ «ቁልፉን ይዞ ወደ ጅቡቲ ተሻግሯል፣ ከድቷል» ብሎ አወራ፣ ወሬውም እናንተ ድረስ ዘለቀ። በቀለን ቀበሌው እየጠራ «ወንድምህ የት ነው?» ይለዋል፤ አንቺም እማዬ ሞተ ብለሽ እንዳትቆርጪ፣ አለ ብለሽ እንዳትጠብቂ ግራ ገብቶሽ፣ ተዝካሩን ሳታወጪ በጥቁር ልብስሽ ቀረሽ።

ዘንድሮ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ደጅ ጠንተው፣ ውሃ ይቀዳበት ከነበረው ጉድጓድ አጠገብ ወንዙ ዳር ሐውልት እንዲቆምለት አስፈቀዱ። ስሙ ተቀረጸ፣ ቀኑም ተቆረጠ። እኔም አፌ መቼ ያርፋል፣ ለአገር ምድሩ አወራሁ። በዋዜማው ግን ጓድ አሥራት የሚባል፣ በዓሉን እንዲመራ ከበላይ የተላከ ሰው ቤታችን መጣ። ሻይ ጠጣ፣ የልጆቹን ስም ጠየቀ፣ ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣

«እህት ትሩፋት፣ ሬሳው የለም፣ ቁልፉም የለም። ስሙን በድንጋይ ጽፌ ነገ ከጅቡቲ በሬዲዮ ቢናገር፣ እኔ ምን ልባል ነው?» አለኝ።

ሲሞት ያየ ሰው ካልቀረበ ስሙ በመሮ ይፋቃል፤ ስሙ ከተፋቀ ደግሞ ቤተሰቡም መጠየቁ አይቀርም ብሎ ሄደ። የበቀለ ፊት ድቅን አለብኝ። መርሻ ዝም በይ ይለኛል፤ እኔ ዝም ማለት ከየት ተምሬ።

ሳሙና የምገዛ መስዬ ኑህ ሱቅ ሄጄ አለቀስሁ። ኑህ የባቲ ልጅ ነው፣ ዓምና ነው ወደዚህ የመጣ፣ አፋርኛ እንደ አፍ መፍቻው ይናገራል። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ አፋሮቹን ወሬ ጠይቃችኋል ወይ አለኝ። እማዬ፣ አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላል፤ ዳጉ ይሉታል። ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያወራል፣ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞቹ ግን ደህና ናችሁ ብለን እናልፋለን። ለየቢሮው ስናመለክት ሦስት ዓመት ሙሉ ከነሱ ጋር ቁጭ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ኑህ ያኔውኑ ሱቁን ዘግቶ ግመል ነጂዎች ወዳረፉበት ሄደ።

በማግስቱ ሕዝቡ ወንዙ ዳር ተሰበሰበ። ሐውልቱ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ አጠገቡ ግንበኛው መሮና መዶሻ ይዞ ቆሟል። ዓይኔ ከዚያ መሮ አልነቀል አለ። ቦቴውም ታጥቦ፣ ቁልፍ የለውምና ተጎትቶ ለክብር ቀርቧል። ጓድ አሥራት ስለ አብዮቱ ብዙ ተናገረ፣ ስለ ደስታው አንድም። ጨርሶ ወደ ግንበኛው ዞር ሲል እግሬ ሳላዘው ተነሣ። መርሻ ነጠላዬን ጎተተኝ። ሰው እየመጣ ነው፣ ትንሽ ይታገሡኝ አልሁ። ማን ነው የሚመጣው ሲለኝ፣ ኑህ አፋሮቹን ሊጠይቅ ሄዷልና እስኪመለስ ይጠብቁልኝ አልሁት።

ያን ጊዜ በባሕሩ በኩል ብቅ አሉ። አንድ ሽማግሌ፣ ሰይዳ የምትባል ሴት፣ ልጇን በእጇ ይዛ፣ ከኋላ ኑህ እያለከለከ። ሽማግሌው አልቸኮለም። አሸዋው ላይ ተቀመጠና ጓድ አሥራትንም ተቀመጥ አለው። ያ የተተኮሰ ካኪው እያሳሳው ተቀመጠ፤ ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሽማግሌው ከዝናቡ ጀምሮ፣ የሞቱ ፍየሎችን፣ የተጋቡትን ሁሉ ሲያወራ ኑህ ይተረጉማል። ጓድ አሥራት ሰዓቱን አይቶ ወደ ነገሩ ይምጡ ቢል፣ ሽማግሌው «ወሬ ከመሃሉ አይበላም» አለው።

ከበደች፣ እዚህ ላይ ቆም በይና ለእማዬ ውሃ ስጫት።

ሽማግሌው እንደነገረን፣ ጎርፉ ሲመጣ የአፋር ሴቶች አሸዋው መሃል ውሃ ይቀዱ ነበር። ደስታው ቦቴውን ነድቶ ገባ፣ ሞተሩም ጠፋ። ከመኪና በወረደ ቁጥር እንደሚያደርገው ቁልፉን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ሴቶቹን አንድ በአንድ ቦቴው ላይ አወጣቸው። ሰይዳን ከነሕፃኗ አወጣ። ለመጨረሻዋ አሮጊት ሲመለስ ውሃው ሁለቱንም ወሰዳቸው። ጎርፉ ሲጎድል ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት አግኝተው አጠቡት፣ ቀበሩት፣ ለጀግናቸው እንደሚያደርጉት ድንጋይ ከመሩለት። ማተቡን የአምላኩ ነው ብለው አልነኩትም። ቁልፉን ግን የመንግሥት አማና፣ አደራ ነው ብላ ሰይዳ አስቀመጠችው። ወሬውንም ላገኙት ሁሉ ነገሩ፤ ገበያችን ድረስ መጥቷል።

«እናንተ አልጠየቃችሁንም። የምታውቁ መሰለን» አለ ሽማግሌው።

ሰይዳ ከሽርጧ ጫፍ ቁልፉን ፈታች። ጓድ አሥራት ተቀብሏት ወደ ቦቴው ሄደ፣ የበሩ ቀዳዳ ውስጥ ከተተው። መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ሁለተኛ ሲሞክር ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ጓድ አሥራት ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ግንበኛውን «መሮህን ሰብስብ» ብሎት ጨርቁን በገዛ እጁ ገፈፈ። የደስታው ስም ፀሐይ ላይ ወጣ፤ እኔም እልል አልሁ፣ አለቀስሁ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ። ለወልዲያው ቀበሌ ዛሬውኑ አስታውቃለሁ ብሎ በሰው ፊት ቃል ገብቷል፤ በቀለ፣ ከእንግዲህ ቀና ብለህ ሂድ።

ከዚያው ወደ መቃብሩ ወረድን። ኋላም ቄስ ወስጄ ፍትሐት አስፈትቼበታለሁ። እማዬ፣ ልጅሽ አፈር አለው። ተዝካሩን አውጪ፣ ጥቁርሽንም አውልቂ።

በዚያ ያለፈ ሁሉ አንድ ድንጋይ ይጨምርበታል፤ ወጉ ነው። ከበደች፣ ሰላም እያልሁሽ፣ ባንቺ ስም ነጭ ድንጋይ አስቀምጫለሁ። ለበቀለ ሰላም፣ ያንተ ከባድ ስለነበር መርሻ ነው የተሸከመልህ። ለአጎቴ ለወሰኔና ለጎረቤታችን ለሐረገወይን ሰላም በሉልኝ፣ የነሱንም አልረሳሁም። ያንቺን ግን እማዬ አላስቀመጥሁም፤ ሽማግሌው የእናት ድንጋይ በሰው እጅ አይቀመጥም ብሎ ከአናቱ ላይ ቦታውን ክፍት ትቶልሻል። ከደጃችን አንድ ድንጋይ ምረጪና በሹፌሮቹ መኪና ይዘሽው ነይ።

ልጅሽ ትሩፋት
አሰብ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.