ለሽማግሌ ያልተነሳ ጀርባ

ሰኞ

አልነሳም አለ። ጀርባዬ ማለቴ ነው። እኔማ እስከ ግማሽ መንገድ ተነስቼ ነበር። ጫማዬን ላስር ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤ ቀጭ አለና እዚያው ቀረሁ፣ እንደ ታጠፈ ማመልከቻ። ባለቤቴ አልማዝና ልጄ ሊዲያ በብብቴ ይዘው ባጃጅ ላይ ጫኑኝ። የነገሌ ኮረኮንች አከርካሪዬን አንድ በአንድ ቆጠረው።

ክሊኒክ ሲስተር ጫልቱ አገላብጣ አየችኝ። "አጥንትዎ ደህና ነው ጋሼ። ጡንቻው ነው የተኮማተረው። ሰሞኑን ያስጨነቀዎት ነገር አለ?"

"ምንም።"

እርግጥ ቅዳሜ ሊዲያ "ቦሩ ለሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነው" ብላኛለች። ቦሩ ዶሎ ኦዶ ጉድጓድ የሚያስቆፍር መሐንዲስ ነው። ዶሎ ኦዶ! ከዚያ ወዲያ አገር አልቆ ሶማሊያ ይጀምራል። አንድ ልጄን እዚያ? ግን ይሄ ከወገብ ጋር ምን አገናኘው። ጥፋቱ የጫማው ነው።

የታዘዘልኝ መድኃኒት ዮጋ ነው። ረጋ ያለ፣ በትራስ የተደገፈ። ለሰፈሩ አልተነገረም።

ማክሰኞ

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ አንድ ወንበር፣ ሁለት ትራስ፣ አንድ የተጠቀለለ ጋቢ፣ ትዕግሥት (ከቤት ጠፋ)።

ጀርባ ወለል ላይ፣ ባት ወንበር ላይ፣ ጋቢው ከአንገት ሥር። ከነወንበሩ ወደ ኋላ ወድቆ የሚያነሳው ያጣ ሰው መምሰል ማለት ነው። ከዚያ መተንፈስ። ሃያ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ ማንም ሳያዘኝ ስተነፍስ ኖሬ፣ ዛሬ በትእዛዝ ሲሆን አቃተኝ።

የሲስተር ማስጠንቀቂያ፦ "ሲነሱ በጎን ተገላብጠው፣ ቀስ ብለው። ድንገት ብድግ ካሉ ይቆለፋል። እግርዎ መደንዘዝ ከጀመረማ ሐዋሳ ሆስፒታል ነው የምልክዎት።"

ረቡዕ

ድል! ካልሲዬን ራሴ አጠለቅኩ። አንዱን።

ከሰዓት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ሊጠይቁኝ መጡ። ሰማንያ እየተጠጉ ነው። ገና በሩ ላይ ሲታዩ ሰውነቴ እኔን ሳያማክር ከወለሉ ብድግ። "ኖር!" አልኩ። እሳቸው "በእግዜር!" ሳይሉ ወገቤ ቀድሞ መለሰ።

"ምነው ልጄ፣ ለእኔ ብለህ ተነሳህ?" አሉ፣ ከወደቅኩበት ቁልቁል እያዩኝ። ደስ ያላቸው መሰለኝ።

አባቴ በአለንጋ ያስተማረኝን ሲስተር ጫልቱ በትራስ ልታስረሳኝ ነው። ማን እንደሚያሸንፍ ታየ።

ሐሙስ

ሲስተር ቤት ድረስ መጥታ ተቆጣች። "ለመጣው ሁሉ የሚነሱ ከሆነ እኔን ለምን ያደክሙኛል?" አዲስ አቀማመጥ ጨመረችልኝ፦ ተንበርክኮ ትራሶቹ ላይ በደረት መደፋት። ደህና ነው፤ ወገቤ ትንሽ ላላ። እትዬ ዘነበች ግን በመስኮት አይተው "ንስሐ ገብቷል" ብለው አወሩ። አላስተባበልኩም።

የግራ እግሬ ሁለት ጣቶች ደንዝዘዋል። ለሲስተር አልነገርኳትም። ሊዲያ ግን መርፌ ይዛ መጥታ ወጋ ወጋ አደረገቻቸውና አወቀች።

"አባዬ፣ እሑድ እንዳትነሳ። ቃል ግባልኝ።"

"ለሽማግሌ? ምን ሊሉኝ ነው?"

"ከተነሳህ እኮ ሐዋሳ ትገባለህ። ያለ አባት ልዳር?"

"ስለ መዳር ማን አወራ?"

መርፌውን ወደ ሦስተኛው ጣቴ አስጠጋች። የእናቷ ዘዴ ነው። "እሺ" አልኩ።

ቅዳሜ

ዕቅድ አለኝ። የሴት አባት ተጠየቅኩ ብሎ ወዲያው አይሰጥም፤ ደንብ ነው። "ዘመድ ላማክር" እላለሁ፣ ቀጠሮ። ሲመጡ "አጎቷ መንገድ ላይ ነው"፣ ሌላ ቀጠሮ። ሦስት ጊዜ ባመላልሳቸው ቦሩ ወደ ነገሌ ይዛወር ይሆናል። ጣቶቼ እንደደነዘዙ ናቸው።

እሑድ

መጡ። ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው ባለከዘራው ኦቦ ጃርሶ። እኔ ኮትና ክራቫት አድርጌ ወለል ላይ፣ እግሬ ወንበር ላይ።

"አካም! ናጋ?" አሉ ኦቦ ጃርሶ በቁመቴ ልክ፤ እዚያ አጡኝ። ቀስ ብለው ወደ ታች አዩ።

ሰውነቴ እንደ ልማዱ ሊነሳ ተነቃነቀ። ሊዲያ ከጓዳው በር ቆማ ታየኛለች። ቀረሁ።

"ይቅርታ፣ ወገቤ ነው። ኖር! አረፍ በሉ።"

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። ይሄም ደንብ ነው።

እነሱ አይቀመጡም፣ እኔ አልነሳ። "ልጅዎን ለልጃችን" ብለው ጠየቁ። "ዘመድ ላማክር" አልኩ፤ ነገሩ ከወለል ሲባል ክብደት የለውም። "አሁን ግን ተቀመጡ።"

"ቁርጥ ያለ ነገር ሳንሰማ?" አሉ ኦቦ ጃርሶ።

ከተጋደምኩበት ፊታቸውን አላየውም፤ የሚታየኝ ጉልበታቸው ነው። መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዘራውም አብሮ።

"ትናንት ከተልተሌ ድረስ በጭነት መኪና ነው የመጡት" አለ አንዱ ሽማግሌ ዝቅ ብሎ።

"አንተ ዝም በል!" አሉት። ጉልበታቸው ግን ዝም አላለም። ሽማግሌ በዚህ ጉልበት ይሄን ሁሉ መንገድ የሚመጡለት፣ ቦሩ ምን ዓይነት ልጅ ቢሆን ነው? አላወቅኩም ለካ። ጠይቄም አላውቅ።

"ኧረ በእግዜር ተቀመጡ! ሰጥቻለሁ!"

ሦስት ወንበር አንድ ላይ ተንቋቋ። አልማዝ እልል አለች። ዕቅዴ ሩብ ሰዓት አልሞላም። ኦቦ ጃርሶ ጉልበታቸውን እያሹ ወደ እኔ አጎነበሱ። "ይሄ አተኛኘት ለጉልበትም ይሆናል?"

ሲሄዱ ሊዲያ መጥታ አጠገቤ ተጋደመች፣ እግሯንም ወንበሩ ላይ ሰቀለች።

"አባዬ፣ ያልተነሳኸው ቃል ስለገባህልኝ ነው ወይስ አቅቶህ?"

"እኔ እንጃ ልጄ።" እውነቴን ነው።

አልማዝ ብርጭቆዎቹን ተሸክማ በላያችን ተራምዳ አለፈች። "ጉድ ነው፣ ደግሞ ሁለት ሆናችሁ?" አለች።